የውበት ትምህርት ቤት በምን ይመዘን?

አዋሽ ሰባት ኪሎ ወይም ሰመራ ላይ ሳሎን ለመክፈት የምታስብ ወጣት ትምህርት ቤት ስትመርጥ አስቀድማ የምትጠይቀው ክፍያውንና የስልጠናውን ርዝመት ይሆናል። ሁለቱም ተገቢ ናቸው፤ ዋናው መለኪያ ግን ሰልጣኟ በሰው ፀጉር ላይ ምን ያህል ትሠራለች የሚለው ነው። ለምሳሌ ብዙ ሪላክሰሮች (የፀጉር ማለስለሻ ኬሚካሎች) ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አለባቸው፤ ከሰዓታቸው ካለፉ የራስ ቆዳ ያቃጥላሉ። በግንባር ዳርና በጆሮ ዙሪያ ቫዝሊን ቀብቶ፣ ሰዓት ጠብቆ፣ በደንብ አለቅልቆ ማጠብ በደብተር ብቻ አይለመድም። ለቀለም የሚውለው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ሙቀት ሲበዛበት ኃይሉን ያጣል። የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት ሰመራ ዕቃው የት እንደሚቀመጥ የማያስተምር ትምህርት ቤት ሙያውን በግማሹ አስቀርቶታል።

«ጥሩ ሳሎን ገብቶ ከባለሙያ መማር ይበቃል» የሚሉ አሉ። የእጅ ፍጥነት ከሥራ እንደሚገኝ አይካድም፤ ሹሩባ መሥራትም ብዙዎች ከቤት ይዘውት የሚመጡት ሙያ ነው። ነገር ግን በማየት ብቻ የተማረች ልጅ ኬሚካሉ ለምን እንደሚጎዳ ሳታውቅ ደንበኛ ልትጎዳ ትችላለች። በሥራ የተገኘ ችሎታም ቢሆን በሙያ ብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ በሚባለው፣ ቢረጋገጥ ለቅጥርም ለብድርም ይረዳል። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት የትምህርት ቤቱን ፈቃድ ማየት፣ ካለፈው ዙር ስንቶቹ ምዘናውን እንዳለፉ መጠየቅ፣ በልምምድ ሰዓት ገብቶ የፀጉር ማድረቂያው ካስክና ውሃው በትክክል መሥራታቸውን ማረጋገጥ ይገባል። ይህን ለማሳየት የሚያመነታ ትምህርት ቤት ክፍያው ቢረክስም ውድ ነው።