እምነ በረድ ሎሚ አይወድም፤ ግራናይት የተባለውም ሁሉ ግራናይት አይደለም

በግንባታ ሥራ የቆዩ ሰዎች እንደሚያውቁት፣ የእጅ መታጠቢያ ጠረጴዛ ድንጋይ የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ ሕንፃው ወደ ማለቂያው ሲደርስ፣ የባለንብረቱም ገንዘብ አብሮ ሲያልቅ ነው። መሠረቱ፣ ብረቱና ሲሚንቶው የበሉትን በልተው ፊኒሺንግ ላይ ሲደረስ ባለቤቱ “የተገኘው ይገጠም” ይላል። ነገሩ የአንድ መኖሪያ ቤት ከሆነ ጉዳቱ ያን ያህል አይሆንም። 30 ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ ወይም ለኪራይ የሚሠራ አፓርታማ ከሆነ ግን ስሕተቱ በ30 ይባዛል። ተከራይ በገባ በዓመቱ ድንጋዩ ደብዝዞ፣ ጠርዙ ተሸርፎ ቢገኝ የሚነቅለውም የሚተካውም ባለንብረቱ ራሱ ነው።

ለዚህ ሥራ በመጀመሪያ ወደ ሰው አእምሮ የሚመጣው እምነ በረድ ነው። አገሪቱም ያላት ሀብት ቀላል አይደለም፤ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የዳለቲ፣ ከትግራይ ደግሞ የዓድዋ አካባቢ እምነ በረድ በነጋዴው ዘንድ የታወቁ ናቸው። መልኩ ያማረ፣ ለመቁረጥና ለመወልወል የማያስቸግር፣ ሲነኩት የሚቀዘቅዝ ድንጋይ ነው። ችግሩ ያለው ተፈጥሮው ላይ ነው። እምነ በረድ በመሠረቱ ካልሲየም ካርቦኔት ሲሆን፣ የማዕድን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚለካበት በሞስ መለኪያ 3 አካባቢ ላይ ይገኛል። ከዚህ የባሰው ግን አሲድ አለመቻሉ ነው። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ሲነካው ድንጋዩ ራሱ ይሟሟል። የሚታየው ነጣ ያለ ድብዛዜ በጨርቅ ተወልውሎ የሚለቅ ቆሻሻ ሳይሆን የተበላ የድንጋዩ ገጽ ነው፤ የሚመለሰውም እንደገና በማሽን ሲወለወል ብቻ ነው።

የጉድጓድ ውኃ በሚጠቀሙ ሕንፃዎች ጉዳዩ ይከፋል። ውኃው ካልሲየም የበዛበት ከሆነ በቧንቧው ዙሪያ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ የጽዳት ሠራተኛውም ቅርፊቱን ለማስለቀቅ አሲድ ያፈስበታል። አሲዱ ቅርፊቱንና እምነ በረዱን ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱም ለእሱ አንድ ናቸው። በዚህ ላይ ሒና፣ የፀጉር ቀለምና ለፀጉር የሚቀባ ቅቤ አሉ። ማሸጊያ ፈሳሽ ባልተቀባ ነጭ እምነ በረድ ላይ እነዚህ ካደሩ ወደ ውስጥ ይሰርጋሉ። በውስጡ ብረት ያለበት ነጭ እምነ በረድም እርጥበት ሲበዛበት በራሱ ጊዜ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ራሱ በሚኖርበት፣ የሚጠነቀቅለት ሰው ባለበት ቤት እምነ በረድ ማስገባት የሚያስቆጭ አይደለም። ለኪራይ ቤትና ለእንግዳ ማረፊያ ግን የማይመከር ነው።

ግራናይት ሌላ ነገር ነው። በውስጡ ያሉት ዋና ዋና ማዕድናት ኳርትዝና ፌልድስፓር ሲሆኑ ጥንካሬያቸው 7 እና 6 ነው። ሎሚ አያደበዝዘውም፣ ቢላዋም በቀላሉ አይጭረውም። ችግሩ ስሙ ላይ ነው። በድንጋይ ንግድ ጠንካራና የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ሁሉ “ግራናይት” ይባላል። “ጥቁር ግራናይት” ተብሎ የሚሸጠው በጂኦሎጂ ቋንቋ አብዛኛውን ጊዜ ጋብሮ ወይም ሌላ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ዘር ድንጋይ ነው። ይህ ብቻውን ማጭበርበር አይባልም፤ እነዚህ ድንጋዮች ለመታጠቢያ ጠረጴዛ ጥሩ ያገለግላሉ። ማጭበርበር የሚሆነው ግራጫው ድንጋይ በቀለም ወይም በዘይት ጠቁሮ ሲቀርብ፣ ወይም እምነ በረድ በግራናይት ስም ሲሸጥ ነው።

ይህን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከሚገዛው ድንጋይ ትንሽ ቁራጭ ለምኖ ወይም ገዝቶ ሎሚ ጠብ አድርጎ 15 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያም አጥቦና አድርቆ ወደ ብርሃን አዘንብሎ ማየት ነው። ጠብታው ያረፈበት ቦታ ከደበዘዘ ድንጋዩ ከእምነ በረድ ወገን ነው። ጥቁሩን በነጭ ጨርቅና በአሴቶን ፈተግ ሲያደርጉት ጨርቁ ከጠቆረ ድንጋዩ ተቀብቷል ማለት ነው። ውኃ ተንጠባጥቦበት ወዲያው የሚጨልም ከሆነ ደግሞ ውኃ የሚመጥ ስለሆነ ከመገጠሙ በፊት ማሸጊያ ይፈልጋል። ደላላ “የጣሊያን ነው” ያለውን ሁሉ አምኖ ከመክፈል የአንድ ሎሚ ዋጋ ይሻላል።

የጣሊያኑ ነገር ከተነሳ፣ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባውና የአገር ውስጡ ድንጋይ በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ አልሆኑም። ብር በዶላር ፊት የነበረው ዋጋ በእጅጉ ስለወረደ አስመጪው ድንጋዩን የሚተምነው በአዲሱ ምንዛሪ ነው። የአገር ውስጡ ድንጋይም ቢሆን ከዶላር ሙሉ በሙሉ አላመለጠም፤ የሚቆረጥበት የአልማዝ ምላጭና የሚወለወልበት ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ነው፣ የጭነት መኪናው ነዳጅም እንዲሁ።

በቅርብ ዓመታት ዝናው የገነነው “ኳርትዝ” የሚባለው የፋብሪካ ድንጋይ ነው። የተፈጨ ኳርትዝ ከሙጫ ጋር ተደባልቆና ተጠቅጥቆ የሚሠራ ሲሆን ዘዴው የዳበረው ጣሊያን ውስጥ ብሬቶን በተባለው ኩባንያ ነው። ውኃ አይመጥም፣ ማሸጊያ አይፈልግም፣ 30ውም ጠረጴዛ አንድ ዓይነት መልክ ይኖረዋል፤ ለሆቴል ባለቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሙጫው ግን ትኩስ አይወድም። የጋለ የፀጉር መተኮሻ ቢቀመጥበት የማይለቅ ምልክት ሊተው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው የቆራጩ ጤና ነው። የፋብሪካው ድንጋይ ከ90 በመቶ በላይ ኳርትዝ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በደረቁ ሲቆረጥ የሚወጣው ደቃቅ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን በሽታ ያመጣል። በዚህ ምክንያት አውስትራሊያ ይህ ድንጋይ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ እንዳይመረት፣ እንዳይሸጥና እንዳይገጠም ከልክላለች። ግራናይትም ኳርትዝ አለበትና ነፃ አይደለም፤ መጠኑ ግን በጣም ያንሳል። ድንጋዩ ውኃ እየፈሰሰበት ቢቆረጥ አቧራው በብዙ ይቀንሳል፤ ይህንን ሥራ ተቋራጩ ውል ላይ ማስገባት የሚያስወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው። በሕንፃው ደረጃ ሥር ፊቱን በሻሽ ሸፍኖ በግራይንደር የሚቆርጠው ልጅ ሻሹ ደቃቁን አቧራ አያስቀርለትም።

በቺፑድ ላይ የተለጠፈ ፎርማይካ ርካሽ ነው፤ ለደረቅ ቢሮ ይሁን። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ግን ውኃ በጠርዙ በገባ ጊዜ ቺፑዱ አብጦ ይፈርሳል።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ብዙ ገዢ የሚጠይቀው የካሬ ዋጋ ነው፤ ሻጭም የሚመልሰው የካሬ ዋጋ ነው። የሚገዛው ግን ካሬ ሳይሆን ሙሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ማለትም ስላብ ነው። ለምሳሌ ስላቡ 2.60 ሜትር በ1.70 ሜትር ቢሆን፣ ርዝመቱ 1.20 ሜትር፣ ስፋቱ 55 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ ከአንዱ ስላብ 6 ይወጣል፤ 90 በመቶ ያህሉ ድንጋይ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው። ዲዛይን ያወጣው ባለሙያ ስፋቱን 60 ሴንቲ ሜትር ካደረገው ግን፣ ድንጋዩን በየትኛውም በኩል ቢያዞሩት ከ4 በላይ አይወጣም፤ ሥራ ላይ የሚውለውም ወደ 65 በመቶ ይወርዳል። ለ30 ክፍል በመጀመሪያው 5 ስላብ ይበቃል፣ በሁለተኛው 8 ያስፈልጋል። የ5 ሴንቲ ሜትር ጭማሪ 3 ስላብ በላ። እንግዲህ ከቆራጩ ጋር መነጋገር የሚገባው የእንጨት ሥራው ከመታዘዙ በፊት ነው፤ ቁምሳጥኑ 60 ሆኖ ከመጣ በኋላ የሚደረገው ድርድር ትርፉ ጭቅጭቅ ነው።

ክብደቱም አይረሳ። 1.20 በ55 የሆነ የ2 ሴንቲ ሜትር ግራናይት ሳይበሳ ከ35 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በ3 ሴንቲ ሜትር ከ50 ኪሎ ያልፋል። በግድግዳ ላይ ብቻ የሚንጠለጠል ከሆነ የብረት ድጋፉ ከሴራሚኩ በፊት መገባት አለበት።

ድንጋዩ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ ሳህኑ ከሚገባበት ቀዳዳ ፊት ለፊት ባለው ቀጭን ዘለላ ላይ፣ ያውም በጭነትና በማውረድ ጊዜ ነው። የቀዳዳው ማዕዘን ክብ ተደርጎ ካልተቆረጠ ስንጥቁ የሚነሳው ከዚያ ነው። ሳህኑ ከሥር የሚገጠም ከሆነ የቀዳዳው ውስጥ ጠርዝ ጭምር መወልወል ስላለበት የእጅ ዋጋው ይጨምራል፤ ከላይ የሚቀመጥ ሳህን ይህን አይጠይቅም። በመንገድ ለተሰበረው ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ያልተጻፈ እንደሆነ ሻጭ በጫኝ፣ ጫኝ በገጣሚ ያሳብባል።

የቁራጩም ነገር አለ። ከ55 ሴንቲ ሜትሩ ስላብ የሚተርፈው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ዘለላ ለሁለት ጠረጴዛዎች የግድግዳ ጠርዝ ይሆናል፤ ከ60ው የሚተርፈው 50 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ለመስኮት ደፍ ይበቃል። ከቀዳዳው የሚወጣውም ድንጋይ ገዢው የከፈለበት ነው። ብዙ ገዢ ግን ይህንን ሳይጠይቅ ይሄዳል፤ ቁራጩም ቆራጩ ዘንድ ቀርቶ ለሌላ ደንበኛ በካሬ ይሸጣል።