ስለ «ይችላል» እና ስለ «አለበት» በእንግሊዝኛ ጽሑፍ

ማመልከቻ ወይም ድርሰት በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ዋናውን ግሥ ለመምረጥ ብዙ እንደክማለን፤ ከፊቱ የምትቀመጠውን ትንሽ ረዳት ግሥ ግን እንዳገኘን እናስገባለን። ይሁን እንጂ ነገሩ ፈቃድ ይሁን ግዴታ፣ ምክር ይሁን ግምት የሚለየው በዚህችው ቃል ነው።

የእንዲህ ያለው ቃል ክብደት ከአገራችን ታሪክ ይታወቃል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጽ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይል ነበር፤ ይኸውም ቢፈቅዱ ማለት ነው። የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ግን በዚያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል የሚል ስለ ነበረ፣ የኢጣልያ መንግሥት እንደ ግዴታ ቈጥሮ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት አለ። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ከሰፈራችን ከየካ በላይ በተዘረጋው በእንጦጦ ተራራ፣ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ የጫኑት ዐፄ ምኒልክ ይህን ትርጓሜ አልተቀበሉም። ነገሩም በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ጦርነት ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

ወደ እንግሊዝኛው እንመለስ። ችግራችን አንዱ የአማርኛ ቃል ብዙ ሥራ መሥራቱ ነው። «ተማሪው እንጦጦ መውጣት ይችላል» ስንል ጉልበቱ አለው ማለታችን ከሆነ እንግሊዝኛው «ካን» ነው፤ ተፈቅዶለታል ማለታችን ከሆነ ግን በመደበኛ ጽሑፍ «ሜይ» ይመረጣል። «ከሰዓት በኋላ ሊዘንብ ይችላል» የሚለው ግምት ስለ ሆነ «ሜይ» ወይም «ማይት» ይባላል እንጂ «ካን» አይባልም፤ «ማይት» ብዙውን ጊዜ ግምቱን ያላላዋል።

«አለበት» የሚለውም እንዲሁ ነው። ግዴታ ሲሆን «መስት»፣ ምክር ሲሆን «ሹድ» ይገባል፤ «ሻል» ደግሞ በሕግና በውል ጽሑፍ ግዴታን ለመደንገግ ይውላል። ስለዚህ ለርእሰ መምህር በሚቀርብ ማመልከቻ ላይ «ሊፈቅዱልኝ ይገባል» ለማለት «መስት» ብሎ መጻፍ መለመን ሳይሆን ማዘዝ ይሆናል።

ይበልጥ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው አፍራሹ ላይ ነው። «መምጣት የለበትም» ስንል እንዳይመጣ ከልክለን ከሆነ «መስት ኖት»፣ ባይመጣም ምንም አይደለም ማለታችን ከሆነ «ኒድ ኖት» እንላለን። አንዱን በሌላው ቦታ የጻፈ ሰው ነፃ የተወውን እንግዳ በር ዘጋበት ማለት ነው።

ለመለማመድ የሚፈልግ ተማሪ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን የሚታተምበትን ነጋሪት ጋዜጣ ያንብብ፤ «ይችላል» በሚለው ትይዩ «ሜይ»ን ደጋግሞ ያገኛል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ106ኛው አንቀጽ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ደንግጓል፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ቢለያዩ የትኛው እንደሚጸና አስቀድሞ ታውቋል ማለት ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ረዳት ግሥ ከመጻፋችን በፊት፦ «ችሎታ ነው፣ ፈቃድ ነው፣ ግምት ነው፣ ምክር ነው ወይስ ግዴታ?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። መልሱን በአማርኛ አጥርቶ ያወቀ፣ እንግሊዝኛውን ለመምረጥ አይቸገርም።