የሁለተኛዪቱን መኪና የኢንሹራንስ ወጪ በአግባቡ ስለ መቀነስ

ከመገናኛ ወደ ምሥራቅ በገርጂ፥ በሲኤምሲ፥ በሰሚትና በአያት በኩል የአዲስ አበባ መኖሪያ እየሰፋ ከሄደ ወዲህ ለብዙ ነጋዴ ቤተሰብ አንድ መኪና አልበቃ ብሎአል። አባወራው ማለዳ ወደ መርካቶ ሲወርድ፥ እመቤቲቱ ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሳ በቦሌ መንገድ ያለውን ሱቅ መክፈት አለባት፤ መንገዱ ሁለት፥ ሰዓቱ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ መኪና መግዛት ቅንጦት መባሉ ቀርቶ የሥራ መሣሪያ ወደ መሆን ደርሶአል። ነገር ግን ሁለተኛዪቱ መኪና ወደ ግቢ ስትገባ ሁለተኛ የኢንሹራንስ ሒሳብ አብሮአት ይገባል። ይህን ሒሳብ በአግባቡ መቀነስ ይቻላል፤ ከማይገባው ቦታ የቀነሰ ሰው ግን የቆጠበውን ብዙ እጥፍ አድርጎ በአደጋ ቀን ይከፍላል።

ጉዳዩን ከቀድሞው ይልቅ ያከበዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፤ ከዚህም የተነሣ አዲስ መኪና የሚፈልግ ሰው ዐይኑን በኤሌክትሪክ በሚሠሩት ላይ አሳረፈ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፥ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አስመጪ ሁሉ እንደሚያውቀው መብራቱም፥ መስተዋቱም፥ ባትሪውም በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ ሲወጣ፥ በዋጋው ላይ የሚታሰበው አረቦንም አብሮ ይወጣል።

የማይቀነሰው ክፍል

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፥ ከሚከፈለው ገንዘብ አንዱ ክፍል ለድርድር የማይቀርብ መሆኑ ነው። ለሦስተኛ ወገን ጉዳት ኢንሹራንስ የመግባት ግዴታ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ታውጆ፥ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተክቶአል። ሁለተኛዪቱ መኪና በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የምትነዳ ብትሆን እንኳ የራስዋ የምስክር ወረቀት ሊኖራት ይገባል፤ የክፍያውም ታሪፍ በመንግሥት የሚወሰን ነው።

ይህ ኢንሹራንስ በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ የደረሰውን ጉዳት እስከ ተወሰነ ልክ ድረስ ይክሳል እንጂ የባለቤቱን መኪና አያሠራም። ከልኩ በላይ የሆነው ጉዳት በባለ መኪናው ላይ ይወድቃል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ እንደሚሆን ይደነግጋልና። ስለዚህ ለሁለተኛዪቱ መኪና ይህን ብቻ የሚገባ ሰው፥ የኀላፊነቱን ልክ በተጨማሪ ክፍያ ከፍ ማድረግ ይቻል እንደ ሆነ ኩባንያውን መጠየቅ ይገባዋል።

ሊቀነስ የሚችለው ክፍል

አንደኛው መንገድ ለእያንዳንዱ መኪና እንደ ዋጋዋና እንደ ሥራዋ የተለየ ሽፋን መምረጥ ነው። ሁለቱም መኪናዎች ሙሉ ሽፋን እንዲገቡ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ዋጋዋ ዝቅ ያለ፥ ብዙ ዘመን ያገለገለችና ከሰፈር የማትርቅ መኪና በሦስተኛ ወገን፥ በእሳትና በስርቆት ሽፋን ብቻ ብትወሰን፥ ግጭት በደረሰባት ጊዜ ቤተሰቡ ከራሱ ኪስ ሊያሠራት ከቻለ፥ ቁጠባው ተገቢ ነው። በባንክ ብድር የተገዛች መኪና ግን ሙሉ ሽፋን እንዲኖራት አበዳሪው በውሉ ሊያስገድድ ይችላል። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪናም ለዚህ ዐይነት ቁጠባ አትመችም፤ ባትሪዋ ከዋጋዋ ከፍተኛውን ድርሻ ከሚይዙት ክፍሎች አንዱ ስለ ሆነ፥ ሽፋኑ ባትሪውንና የኃይል መሙያውን መጨመሩን በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ ሁለቱን መኪናዎች በአንድ ኩባንያ ዘንድ አድርጎ የብዛት ቅናሽ መጠየቅ ነው። ቅናሹ ከስንት መኪና እንደሚጀምር የሚወስነው ኩባንያው ነው፤ ነጋዴ ግን ከሌላው ባለ መኪና የበለጠ የመደራደር ኀይል አለው። የመጋዘኑን የእሳት፥ የዕቃውን የባሕር ጉዞ፥ የጭነት መኪናውንና የቤቱን መኪናዎች ኢንሹራንስ በአንድነት ይዞ የቀረበ ደንበኛ በየብጣሹ ከሚሄደው ይልቅ ይደመጣል። የውሎቹም ማብቂያ ቀን በአንድ ወር ላይ እንዲውል ቢደረግ፥ በዓመት አንድ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ኩባንያዎች ዋጋ ተቀብሎ ማወዳደር ይቻላል። ለዚህ ጊዜ የሌለው ሰው የኢንሹራንስ ደላላ ቢይዝ መልካም ነው፤ ወኪል ለኩባንያው ሲሠራ፥ ደላላ ለደንበኛው የቆመ ነውና።

ሦስተኛው መንገድ ካሳ ሳይጠየቅ በቆየበት ዘመን የሚገኘውን ቅናሽ መጠበቅ ነው። ለምሳሌ የ12,000 ብር ጭረት ቢደርስና ከዚያ ላይ 5,000 ብሩ የባለ መኪናው ድርሻ ቢሆን፥ ከኩባንያው የሚገኘው 7,000 ብር ነው። በዚህ ጥያቄ ምክንያት የሚመጣው ዓመት የ15,000 ብር ቅናሽ የሚቀር ከሆነ፥ ካሳውን መጠየቅ የ8,000 ብር ኪሳራ ነው። ሰው የተጐዳበት ወይም የሌላ ሰው ንብረት የተነካበት አደጋ ግን ትንሽም ቢመስል ለፖሊስና ለኩባንያው ሳይነገር ማደር የለበትም። በእንግሊዝ አገር ይህ ቅናሽ በአንድ ጊዜ ለአንድ መኪና ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፥ በመጀመሪያዪቱ መኪና የተገኘውን ያህል ለሁለተኛዪቱ የሚፈቅዱ ኩባንያዎች አሉ። በአገራችንም ደንበኛው ይህን መጠየቁ ነውር የለውም፤ ያልተጠየቀ ቅናሽ በራሱ ፈቃድ አይመጣምና።

አራተኛው መንገድ በእያንዳንዱ አደጋ ባለ መኪናው ራሱ የሚችለውን ድርሻ ከፍ አድርጎ አረቦኑን ማስቀነስ ነው። ይህ የሚጠቅመው ያን ያህል ገንዘብ ምንጊዜም ከእጁ ለማይጠፋ ሰው ነው።

መቀነስ የማይገባው

ከሁሉ የሚከፋው ቁጠባ የመኪናዪቱን ዋጋ አሳንሶ ማስመዝገብ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው ክፍል፥ በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ ከወጣ በኋላም ጸንቶ ቆይቶአል። በዚህ ሕግ መሠረት ንብረቱን ከዋጋው በታች ያስመዘገበ ሰው ለጐደለው ክፍል ራሱ እንደ ኢንሹራንስ ሰጪ ይቆጠራል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ዋጋዋ 3,000,000 ብር የሆነች መኪና በ1,500,000 ብር ተመዘገበች እንበል፤ አረቦኑም ለማስላት ያህል ከመቶ 2 ይሁን። ባለቤቱ በዓመት 30,000 ብር ቆጠበ። የ400,000 ብር ጉዳት በደረሰ ጊዜ ግን ኩባንያው የሚከፍለው ግማሹን፥ ማለት 200,000 ብር ነው፤ ከዚያውም ላይ የባለ መኪናው ድርሻ ይቀነሳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ከ2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት በተገመተ ዋጋ ውሉን ዝም ብሎ የሚያሳድስ ሰውም፥ ምንም እንኳ ሐሰት ባይናገር፥ በዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ይገኛል። ዋጋን ከልክ በላይ ማስመዝገብም ትርፍ የለውም፤ ካሳው በአደጋው ቀን ከነበረው የንብረቱ ዋጋ ሊያልፍ አይችልምና።

የመኪናዪቱን ሥራ መሰወርም እንደዚሁ ነው። ለቤት አገልግሎት ብቻ ተብላ ኢንሹራንስ የገባች መኪና ከመርካቶ ወደ ቦሌ ሱቅ ዕቃ ስታመላልስ፥ ወይም ማታ ማታ የወንድም ልጅ በኪራይ ሰው ሲጭንባት አደጋ ቢደርስ፥ ኩባንያው ውሉን ገልጦ ካሳውን ሊከለክል ይችላል። ልምድ የሌለው ወጣት ዘወትር የሚነዳትን መኪና በአባት ስም ብቻ አሽከርካሪ ብሎ ማስመዝገብም ያው ነው። የንግድ ሕጉ ኢንሹራንስ ገቢው የሚያውቀውን ሁሉ በእውነት እንዲያስታውቅ ያዛል፤ በተንኰል የተሰወረ ነገር ሲገኝ ውሉ ይፈርሳል።

እንግዲህ ባለ ሱቁም ሆነ አስመጪው ውሉ ከማብቃቱ አንድ ወር አስቀድሞ ሁለቱን የውል ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ፥ የመኪናዎቹን የዛሬ ገበያ ዋጋ፥ ማን እንደሚነዳቸው፥ ለምን ሥራ እንደሚውሉና የት እንደሚያድሩ በአንድ ወረቀት ይጻፍ። ያንኑ ወረቀት ለየኩባንያው አቅርቦ የሚሰጡትን ዋጋ ያወዳድር። የተሰጠውም ቅናሽ በቃል ሳይቀር በውሉ ላይ ተጽፎ መግባቱን ሳያይ አይፈርም።