ኪቦርድ ስንገዛ አጠገባችን ማን እንደሚተኛ እናስብ

ታናሽ እህቴ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ እየተየበች የቤቱን ወጪ ታግዛለች። ቀን ኮሌጅ ስለምትውል ሥራዋን የምትጀምረው ከኢሻ በኋላ ነው። አሮጌው ኪቦርዷ ፊደል እየዘለለ ሲያስቸግራት፣ ታላቅ ወንድም ነኝና «ሜካኒካል የሚባለውን እገዛልሻለሁ» ብዬ ወጣሁ። ሻጩ ሰማያዊ ስዊች ያለውን ቀጭ ቀጭ እያደረገ አሳየኝ። ድምፁ ደስ አለኝና ሳልጠይቅ ከፈልኩ። በዚያው ሌሊት ከመጋረጃው ወዲያ የምትተኛው እናታችን ብድግ ብላ «በረዶ ነው እንዴ የሚዘንበው?» አለች። በማግሥቱ ወደ ሱቁ ብመለስ «የተሸጠ አይመለስም» ተባልኩ።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ ያልጠየቅሁትን እናንተ ጠይቁ።

በተራው ኪቦርድ ከቁልፎቹ ሥር ያለው የላስቲክ ንጣፍ ነው፤ ፊደል እንዲመዘገብ ቁልፉን እስከ ታች መጫን ያስፈልጋል። በሜካኒካሉ ግን እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሞላና የብረት መገናኛ ያለው ስዊች አለው። ዛሬ አብዛኞቹ የሚከተሉት ቅርጽ ቼሪ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤምኤክስ ነው። ቁልፉ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ፊደሉ የሚመዘገበው ግን 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ላይ ነው።

ቀለሞቹ ለጌጥ አይደሉም። ቀዩ በ45 ግራም ያህል ክብደት ያለ እንቅፋት ይወርዳል። ቡናማው መሃል ላይ ትንሽ ጉብታ አለው፤ ጣት ፊደሉ መያዙን ያውቃል። ሰማያዊው ጉብታም ድምፅም አለው። ብቻውን ለሚኖር ሰው ምን ቸገረው! ሌሎች ፋብሪካዎች ቀለሙን በራሳቸው መንገድ ሊጠቀሙበት ስለሚችሉ ግን በቀለም ብቻ አትመኑ፤ ተጭናችሁ ሞክሩት። ቀዩና ቡናማውም ቢሆኑ ፈጽሞ ዝም አይሉም፤ ከሥር የታጠፈ ጨርቅ ማንጠፍ ይረዳል።

እኛን ያዳነን አንድ ነገር ነው፤ የገዛሁት ኪቦርድ ስዊቹ በብየዳ ያልተያያዘ፣ ተነቅሎ የሚሰካ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ስለሆነም ሌላ ኪቦርድ ሳይሆን ቡናማ ስዊቾች ብቻ ገዛን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። አንዳንዱ ስዊች 3 እግር፣ አንዳንዱ 5 እግር አለው፤ ለ3 በተበሳ ቦርድ ላይ ባለ 5ቱ የሚገባው ሁለቱ የፕላስቲክ እግሮች ሲቆረጡ ነው። ሁለቱ ቀጫጭን የመዳብ እግሮች ደግሞ ቶሎ ይታጠፋሉ። እሑድ ከሰዓት 87ቱንም ሰክተን ስንጨርስ አንዱ ቁልፍ አልሠራ አለ። ነቅለን ብናየው እግሩ ተጣጥፏል። በወረንጦ አቃንተን መለስነው።

በላቲን ፊደል ድምፅ አማርኛ የሚተይብ ሰው «ላ» ለማለት ሁለት ቁልፍ ይመታል፤ ስለዚህ የአናባቢዎቹ ቁልፎች ከሌሎቹ ይልቅ ይደክማሉ። ለእነሱ ጥቂት መለዋወጫ ስዊች ማስቀመጥ ብልህነት ነው። የቁልፍ ክዳኑን ከመረጣችሁ ፒቢቲ የሚባለው ፕላስቲክ እንደ ኤቢኤሱ ቶሎ አያብረቀርቅም። የእጅ አንጓ ሕመም ያድናል የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ግን አትስሙት፤ ለእሱ የጠረጴዛው ከፍታና ዕረፍት ይበልጣሉ።

እናታችን አሁን እስከ ሱብሂ ትተኛለች። እህቴም ሰማያዊዎቹን ስዊቾች በፌስታል ቋጥራ አስቀምጣለች፤ ለብቻው ክፍል የተከራየ ተማሪ ስታገኝ ልትሸጥለት ነው።