ቴፑ ይቀመጥ፣ ስፒከሩ ይቀየር

ከሳሪስ ወርዶ ወደ አቃቂ የሚዘልቀው የቃሊቲ መንገድ የመኪና መንገድ ነው። ጉምሩኩ፣ መናኸሪያው፣ የቀላል ባቡሩ የደቡብ መጨረሻ ጣቢያ፣ ከጂቡቲ ጭነው የሚመጡ ከባድ መኪኖች ማረፊያ፣ ሁሉም እዚህ አካባቢ ነው። በእንዲህ ያለ ሰፈር ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ የሚውል ሰው ይበዛል፤ ለዚህ ሰው ሬዲዮ የሥራ ጓደኛ ነው። ድምፁ ሲበላሽበት ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር ግን አንድ ነው፦ «ቴፑን አውጣውና ስክሪን አስገባበት።» ከዚህ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ፣ ሽቦ የማያስቆርጥና ውጤቱ ቶሎ የሚታወቅ ሌላ መንገድ አለ። ከመኪናው ጋር የመጣውን ቴፕና አምፕሊፋየር በቦታቸው ትቶ ስፒከሩን ብቻ መቀየር ነው።

የስፒከር አሠራር ቀላል ነው። ከኋላ ማግኔት አለ። በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ ከቀጭን ሽቦ የተጠመጠመ ኮይል ተቀምጧል፤ ኮይሉ ደግሞ ሾጣጣ ቅርጽ ካለው ወረቀት ጋር ተጣብቋል። ከቴፑ የሚመጣው ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን በቀያየረ ቁጥር ኮይሉ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል፤ ወረቀቱ አየሩን ይገፋል፤ እኛም ድምፅ እንሰማለን። አሜሪካውያኑ ራይስና ኬሎግ ይህን አሠራር በጥናት ያቀረቡት በ1925 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ማግኔቱ፣ ሾጣጣው የሚሠራበት ቁስና ዙሪያውን የያዘው ጎማ ተሻሻሉ እንጂ መሠረቱ ያው ነው።

የመኪና ፋብሪካ ወጪ ከሚቀንስባቸው ቦታዎች አንዱም ይኸው ስፒከር ነው። ከአንድ የቆየ ቪትዝ ወይም ኮሮላ በር ላይ የወጣውን ስፒከር በእጅዎ ቢይዙት ቅለቱ ይገርምዎታል፤ ወረቀቱ ስስ፣ ማግኔቱ ትንሽ፣ አካሉ ፕላስቲክ ነው። በዚያ ላይ እኛ አገር መኪና ለረጅም ዘመን ይነዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጅ ያለውን መኪና ጠግኖ መያዝ የግድ ሆኗል። ለዓመታት ፀሐይ፣ የክረምት እርጥበትና አቧራ የተፈራረቁበት ወረቀት ይደርቃል፣ ጠርዙም ይሰነጠቃል። ባሱ ሲጠፋና ንግግሩ ሲንኮሻኮሽ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዚህ ወረቀት እንጂ የቴፑ አይደለም።

የሚገዛው ስፒከር ግን ለቴፑ አቅም የሚስማማ መሆን አለበት። ሞተር ሲሠራ የመኪናው ቮልት 14.4 ገደማ ነው። በዚህ ቮልት አንድ ተራ ቴፕ ለባለ 4 ኦም ስፒከር ሊሰጥ የሚችለው ንጹሕ ኃይል በስሌት እንኳ ከ26 ዋት አይዘልም፤ በተግባር ከ15 እስከ 20 ዋት ነው። ፊቱ ላይ የተጻፈው «50 ዋት» ለቅጽበት የሚደርስበት ጫፍ ነው። እንግዲህ በስፒከሩ ካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈው «500 ዋት» ለእኛ ምንም አይጠቅመንም። የሚጠቅመን በትንሹ የተጻፈው ሴንሲቲቪቲ ነው፤ ስፒከሩ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ ይናገራል። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ያንኑ ድምፅ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። 86 ዴሲቤል የሆነው ስፒከር በ20 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ 92 የሆነው በ5 ዋት ያወጣዋል። ለትልቅ አምፕሊፋየር የተሠራ ውድ ስፒከር በፋብሪካ ቴፕ ላይ ገብቶ ከአሮጌው ያነሰ ድምፅ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ መለኪያው «2.83 ቮልት» ከሆነ ባለ 4 ኦሙ ስፒከር 2 ዋት እየወሰደ ስለተለካ ከቁጥሩ ላይ 3 ቀንሰው ያወዳድሩ።

ሁለተኛው ቁጥር ኦም ነው። ለ4 ኦም በተሠራ ቴፕ ላይ የ2 ኦም ስፒከር ቢገጠም ቴፑ ከአቅሙ በላይ ከረንት ይጠየቃል፣ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ራሱን የቻለ አምፕሊፋየር ያላቸው መኪኖች ነገር ለየት ይላል። ቦዝ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር ሆኖ ለመኪናው ተለክቶ የተሠራ ሲስተም በ1983 ሞዴል ካዲላክ ሴቪል ላይ ካቀረበ ወዲህ ሌሎችም ተከትለውታል፤ በአንዳንድ ቶዮታዎች ላይ ያለው ጄቢኤል ከእነዚህ አንዱ ነው። በእንዲህ ያሉ ሲስተሞች 2 ኦምና ከዚያ በታች የሆኑ ስፒከሮች ይገኛሉ። እነሱን አውጥቶ 4 ኦም መግጠም ጉዳት ባያመጣም ኃይሉን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ስለዚህ ገበያ ከመውጣት በፊት አሮጌውን በቴስተር መለካት ነው፤ 3.2 ወይም 3.5 ካሳየ ስፒከሩ የ4 ኦም ነው፤ 1.6 ገደማ ካሳየ የ2 ኦም ነው።

ቴፑን ማቆየት ለምን ይሻላል? ከጃፓን በመጡ የቆዩ መኪኖች ላይ አንድ እውነተኛ ችግር አለ፤ ኤፍኤማቸው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ይይዛል። ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1 እና ሸገር 102.1 ሁሉም ከዚያ በላይ ናቸው። ብዙ ሰው ቴፑን የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን በአንቴናውና በቴፑ መካከል የሚገባ ትንሽ ኮንቨርተር ችግሩን ይፈታል፤ 20 ሜጋኸርዝ ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ ሸገር በ82.1፣ ፋና በ78.1 ላይ ይገኛሉ። በአዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ምርጫም የለም። ስክሪኑ ኤሲውን፣ የኋላ ካሜራውንና የመኪናውን ቅንብር ሁሉ ስለሚያዝ አውጥቶ መጣል አይቻልም። እንደ አይሱዙና ሲኖትራክ ያሉ የጭነት መኪኖች ባለ 24 ቮልት ናቸው፤ የመኪናው ቴፕ የተሠራው ለዚያ ነው። ባለ 12 ቮልት ቴፕ ያለ ቮልት መቀነሻ ቢሰካባቸው ይቃጠላል። ስፒከሩ ግን ከቴፑ እንጂ ከባትሪው ስለማይገናኝ ኦሙ ይስማማ እንጂ ቮልቱ አያሳስበውም።

አገጣጠሙን በቪትዝ በር እንይ። ከውስጥ እጀታው ሥርና ከክንድ ማሳረፊያው ውስጥ ያሉት ብሎኖች በካቻቢቴ ይፈታሉ፤ ከዚያ ፓኔሉ ዙሪያውን ከክሊፖቹ እየተላቀቀ ይነሣል። ከኋላው በጥቁር ማጣበቂያ የተለጠፈ ላስቲክ አለ፤ የዝናብ ውኃ ወደ መኪናው ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ስለሆነ አይቀደድም። ስፒከሩ በሪቬት ተመትቷል፤ ሪቬቱ በድሪል ይበሳና ይወጣል። የብረት ብናኙን አዲሱ ስፒከር ወደ በሩ ከመቅረቡ በፊት ጠራርጎ ማንሣት ያስፈልጋል፤ በማግኔቱ ክፍተት ከገባ ኮይሉን ይፍቀዋል። ቀጥሎ የፕላስቲክ ቀለበት ይገጠማል፤ ከተጠቀጠቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራው ክረምት ሲመጣ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ብሎኑ ከመጥበቁ በፊት መስታወቱን እስከ ታች አውርዶ ማግኔቱን አለመንካቱን ማየት ይገባል። ሽቦውም ተቆርጦ በናስትሮ አይጠቀለልም፤ ለመኪናው የሚሆን የሶኬት ማገናኛ ገዝቶ መሰካት ነው። ፖዘቲቩን ለመለየት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ለቅጽበት ይነካል፤ ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው። አንዱ በር ተገላብጦ ከተሰካ ሁለቱ ስፒከሮች እርስ በርስ ይጠፋፉና ባሱ ይሞታል።

በመጨረሻም በቀለበቱና በበሩ ብረት መካከል ስፖንጅ ይደረግ፤ ክፍት ቀዳዳዎችም በማርገቢያ ንጣፍ ይደፈኑ፤ በሩ ውኃ የሚያወጣባቸው የታችኞቹ ቀዳዳዎች ግን አይነኩም። የስፒከሩ የፊትና የኋላ አየር ካልተለየ ጥሩ ስፒከርም ባስ አይሰጥም። ይህ ሁሉ ተደርጎም የበር ስፒከር ደረት የሚመታ ባስ አያመጣም፤ ያ የሰብውፈር ሥራ ነው። ቴፑም ከአቅሙ በላይ ሲጮህ ድምፁን ይቆራርጠዋል፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሽ ስፒከር፣ ትዊተር፣ የሚቃጠለውም አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው።

ጥሩ ስፒከር የሚገባው ለጩኸት አይደለም። ንግግሩ ጥርት ብሎ ከተሰማ ቮልዩሙ ዝቅ ይላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ እንዳይደመጥ የሚመክረው 80 ዴሲቤል ደግሞ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ለሚውል ሰው ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ቀጣሪም ሆኑ ሾፌር፣ ቴፑን ከማስወጣትዎ በፊት የበሩን ፓኔል ያስከፍቱ፣ ወረቀቱን ይዩ፣ ኦሙን ያስለኩ፣ ሴንሲቲቪቲው ከ90 በላይ የሆነ ስፒከር ይምረጡ። የፊት ሁለቱን በሮች ብቻ በጥንቃቄ ማሠራት አራቱንም በጥድፊያ ከመቀየር ይሻላል።