ሁሉም ነጭ ዓሣ አንድ አይደለም፤ በጣና ሐይቅ የተያዘን ዓሣ ለይቶ ስለ መመዝገብ

በጣና ሐይቅ ዙሪያ የዓሣ አጥማጆች ማኅበራት መዝገብ ሲገለጥ ብዙውን ጊዜ የሚታዩት ሦስት ስሞች ናቸው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ቆሮሶና አምባዛ እያንዳንዳቸው አንድ ዝርያ ናቸው። «ነጭ ዓሣ» የሚለው ግን የብዙ ዝርያዎች የጋራ መጠሪያ ነው። ሊቃውንት ላቢዮባርበስ ብለው ከሚጠሩት ከዚህ ወገን በጣና ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎች ተለይተዋል፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በሌላ ቦታ አይገኙም።

ይህን ሁሉ በአንድ ስም መመዝገብ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። አንድ ማኅበር ዛሬም ሆነ ከአምስት ዓመት በፊት በቀን 100 ኪሎ ነጭ ዓሣ አስረክቧል እንበል። መዝገቡ ለውጥ የለም ይላል። ነገር ግን የቀድሞው 100 ኪሎ የትላልቅ ዓሣ በሎች፣ የዛሬው ደግሞ የትናንሽ ዓሣዎች ሊሆን ይችላል። አንድ ዝርያ ከሐይቁ እየጠፋ ሳለ ሚዛኑ ምንም አይናገርም።

ሥጋቱም በግምት ላይ የተመሠረተ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በጣና ሥራ ላይ መዋል ጀመረ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 የተደረገው ክትትል የነጭ ዓሣ ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። ለዚህም ዋነኛ ምክንያት ሆኖ የተገኘው ዓሣው እንቁላል ለመጣል በወንዝ አፍ ሲሰበሰብ በመረብ መጠመዱና በወንዞች ውስጥ በብርብራ ፍሬ መመረዙ ነው። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጊዜው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሲሆን የሚበረታውም በነሐሴና በመስከረም ነው።

ዓሣን የመለያ ቅደም ተከተል

መለየት ያለበት ዓሣው ከመበለቱ በፊት ነው። ጭንቅላቱና ቆዳው ከወጣ በኋላ ዝርያውን ማወቅ አይቻልም።

ሀ) ቅርፊት አለውን? ቅርፊት የሌለው፣ በአፉ ዙሪያ አራት ጥንድ ረጃጅም ጢም ያለው አምባዛ ነው።

ለ) የጀርባው ክንፍ ረጅም፣ የፊተኛው ክፍሉ እሾሃማ፣ የጅራቱም ክንፍ ቀጥ ያሉ ተደጋጋሚ መስመሮች ያሉት ከሆነ ቆሮሶ ነው።

ሐ) ቅርፊት ኖሮት አፉ ወደ ታች የዞረና ሰፊ፣ የታችኛው ከንፈሩ ጠርዝም እንደ ቀንድ የጠነከረ ከሆነ በሶ ነው። በዚህ ጠርዝ ከድንጋይ ላይ አልጌ እየፋቀ ይመገባል። ከነጭ ዓሣ ጋር እንዳይቀላቀል ይሁን።

መ) አጭር የጀርባ ክንፍ፣ ትላልቅ ቅርፊትና ሁለት ጥንድ ጢም ያለው ነጭ ዓሣ ነው። ከዚህ በኋላ አፉንና ጭንቅላቱን ተመልከቱ፤
— ሰውነቱ ረዘም ያለ፣ አፉ ሰፊ ከሆነ ከዓሣ በሎች ወገን ነው፤
— ከንፈሩ ወፍራምና ሥጋማ ከሆነ ነድጂያ የሚባለው ዝርያ ነው፤
— ጭንቅላቱ አጭር፣ ሰውነቱም ትንሽ ከሆነ ብሬቪሴፋሉስ ሊሆን ይችላል፤
— ከእነዚህ ውጭ ያለው «ሌላ ነጭ ዓሣ» ተብሎ ይመዝገብ።

ትንንሽ ዓሣዎች እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ በግምት ስም መስጠት አይገባም። «ያልተለየ» ብሎ መጻፍ ከስሕተት ይሻላል።

ስለ ዓሣ በሎችና በጀልባ ስለሚጎተት መንጠቆ

ከጣና ነጭ ዓሣዎች ስምንቱ ዓሣ በሎች ናቸው። የዚህ ዓሣ ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው በመሆኑ ይህ ለተመራማሪዎች እጅግ የሚያስገርም ነገር ነው። ከስምንቱ አንዱ ትሩቲፎርሚስ ይባላል፤ ትርጉሙም «ትራውት መሳይ» ማለት ነው። ሆኖም ዝምድና የላቸውም። በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ከውጭ መጥቶ የተለቀቀው ትራውት በመንጋጋው ጥርስ አለው፤ በጀርባው ክንፍና በጅራቱ መካከልም አንዲት ትንሽ ሥጋማ ክንፍ አለችው። የጣናው ዓሣ ሁለቱም የሉትም።

ዓሣ በል የሚንቀሳቀስ ነገር ያሳድዳል። ስለዚህ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ማታለያ በመንጠቆ ላይ አስሮ በዝግታ ከሚሄድ ጀልባ ኋላ መጎተት እነዚህን ዝርያዎች ለመያዝ የሚያገለግል ዘዴ ነው። ጥቅሙ ዓሣው አንድ በአንድና በሕይወት መያዙ ነው። እንቁላል የያዘችው ወይም ገና ያልደረሰው በረጠበ እጅ ተይዞ ቶሎ ወደ ውኃው ሊመለስ ይችላል። መረብ ግን ምርጫ አይሰጥም። በመንጠቆ የተያዘው ከመረቡ ጋር ሳይደመር ለብቻው ይመዝገብ፤ በክረምትም በወንዝ አፍ አካባቢ በዚህ ዘዴ ማጥመድ አይገባም።

ከማኅበራትና ከልማት ሠራተኞች የሚጠበቅ

የገባውን ዓሣ ሁሉ መለየት አድካሚ ስለሆነ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከአንድ ጀልባ ሳይመረጥ የተወሰደ አንድ ቅርጫት ይበቃል። በመዝገቡ የሚከተሉት ይጻፋሉ፤

1. ቀን፣ የተጠመደበት ቦታና የመረቡ ዓይን ስፋት፤
2. የየወገኑ ቁጥርና ክብደት፤
3. የእያንዳንዱ ነጭ ዓሣ ርዝመት፣ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ መክፈያ፤
4. ሆዱ በቀስታ ሲጫን እንቁላል ወይም ነጭ የወንድ ዘር መውጣት አለመውጣቱ።

አራተኛው ነጥብ በተለይ በክረምት ከፍተኛ ዋጋ አለው። በአንድ ወንዝ አፍ እንቁላል የያዙ ዓሣዎች በብዛት መውጣት ሲጀምሩ ማኅበሩ መረቡን ከዚያ አንሥቶ ወደ ሐይቁ መሐል ሊያዛውር ይገባል። በብርብራ የሚመርዙትን በተመለከተ፣ መርዙ ትልቁንም ጫጩቱንም የማይለይ መሆኑንና የሚጠፋው ዓሣም ለዓመታት በመረባቸው ሊገባ የሚችለው መሆኑን የልማት ሠራተኛው በወንዙ ዳር ላሉ ገበሬዎች ያስረዳ።

ጣና ውስጥ የጠፋን ዝርያ ከሌላ ሐይቅ አምጥቶ መተካት አይቻልም፤ ሌላ ቦታ የለምና። የመጥፋቱንም ምልክት ከሁሉ አስቀድሞ ሊያይ የሚችለው በየቀኑ ቅርጫቱን የሚያራግፈው አጥማጅ ነው።