የተማሪ የደንብ ልብስና ፍትሕ

(በሬዲዮ ከተነገረው)

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ሲከፍቱ በየከተማው ጎዳና የሚታየው የተማሪዎች ሰልፍ ዓይንን ደስ የሚያሰኝ ነው። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሹራብ የለበሱ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ሲያልፉ ያየ ሰው ስለ አገሩ የነገ ዕድል መልካም ተስፋ ያድርበታል። ነገር ግን በዚያው ሰዓት ከትምህርት ቤቱ በር ተመልሶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ልጅም አለ። ረፍዶበት አይደለም፤ አጥፍቶም አይደለም፤ የሹራቡ ቀለም ከደንቡ ጋር ስላልተስማማ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ስለዚህ ልጅ ነው። የደንብ ልብስ ግዴታ መሆኑ ፍትሐዊ ነውን? ፍትሐዊ የሚሆነውስ በምን ጊዜ ነው?

በመጀመሪያ የነገሩን አመጣጥ እንመልከት። ለተማሪ አንድ ዓይነት ልብስ ማልበስ ከውጭ አገር ብቻ የመጣ ልማድ አይደለም። በአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ከደብር ወደ ደብር ሲዘዋወር ኖሯል። ደበሎ የበግ ለምድ ነው፤ የባለጸጋው ልጅም የድሀውም ልጅ ያንኑ ይለብሳል፤ ሁለቱም በየደጁ ቆመው እህል ይለምናሉ። በዚህም የተነሣ ማን ከማን ቤት እንደ መጣ ከልብሱ መለየት አይቻልም ነበር። በእንግሊዝ አገርም በ1552 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ክራይስትስ ሆስፒታል የተባለው ትምህርት ቤት ለድሆችና ለወላጅ አልባ ልጆች ሲቋቋም ረጅም ሰማያዊ ካባ ያለብሳቸው ጀመር። ልብሱን የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ራሱ ነበር። እንግዲህ በሁለቱም ስፍራ የደንብ ልብስ ድህነትን ይሸፍን ነበር እንጂ ድሀውን ከበር አይመልስም ነበር።

ዛሬም ቢሆን የደንብ ልብስ ጥቅሙ ብዙ ነው። ምሳሌ እንዲሆነን ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን የሞጆን ከተማ እንውሰድ። ሞጆ የአዳማና የሐዋሳ መንገዶች የሚለያዩባት፣ የቆዳ ፋብሪካዎችና ደረቅ ወደብ ያሉባት ከተማ ናት። ወደ ወደቡ የሚገቡና ከወደቡ የሚወጡ ከባድ የጭነት መኪናዎች ሲተላለፉባት ይውላሉ። በእንዲህ ያለ ከተማ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ልጆች መንገድ ሲያቋርጡ ሾፌሩ ከሩቅ ለይቶ ያውቃቸዋል። በትምህርት ሰዓት በገበያ የሚዞረውን ልጅ አላፊ አግዳሚው «ምነው ልጄ፣ ከክፍል ወጣህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛም ተማሪውን ከእንግዳው ለመለየት አይቸገርም። ከሁሉም በላይ የነጋዴው ልጅና የቀን ሠራተኛው ልጅ በአንድ መቀመጫ ላይ ሲቀመጡ ዓይናቸው በጓደኛቸው ልብስ ላይ ሳይሆን በጥቁር ሰሌዳው ላይ እንዲያርፍ ይረዳል።

ይሁን እንጂ የቀን ሠራተኛውን ሒሳብ ደግሞ እንመርምር። ሦስት ልጆች ያሉት አንድ አባት ሁለቱ በአንደኛ ደረጃ፣ አንዱ በሁለተኛ ደረጃ ይማራሉ እንበል። የሁለቱ ትምህርት ቤቶች የልብስ ቀለም የተለያየ ስለሆነ የታላቁ ልብስ ለታናሹ አይተላለፍም። ጨርቅ መግዛት አለ፤ ለልብስ ሰፊ መክፈል አለ፤ ሹራብም ለብቻው ነው። ይህ ሁሉ ወጪ ዘመን መለወጫና መስቀል በሚውሉበት፣ ደብተርና እስክሪብቶ በሚገዛበት በመስከረም ወር አንድ ላይ ይወድቅበታል። ትምህርት ቤቱ በዚያው ዓመት ቀለም ለውጦ ከሆነ ወይም ልብሱ ከአንድ ሱቅ ብቻ እንዲገዛ አዞ ከሆነ ዕዳው ይብስበታል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነገሩን በራሱ ላይ አይቶታል። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አሮጌው ሹራቤ አልቆ ስለ ነበር የታላቅ ወንድሜን ለብሼ ሄድሁ፤ ቀለሙ የተለየ በመሆኑ ከበር ተመለስሁ። ለእናቴ መንገር አልደፈርሁም፤ ገንዘብ እንደሌላት አውቅ ነበርና። ሦስት ቀን ሙሉ ጠዋት ከቤት እየወጣሁ፣ ከሰው ዓይን ርቄ እየዋልሁ፣ በመውጫ ሰዓት እመለስ ነበር። በእነዚያ ቀናት ክፍሉ ክፍልፋይ መደመር ተምሮ ጨረሰ። እኔም ያን ትምህርት ለማካካስ ዓመቱን ሙሉ ተቸገርሁ። ደንቡ እንዳልተማር ብሎ አልወጣም፤ ያደረገው ግን ይህንኑ ነው።

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ወላጅ ካሰበበት ለልጁ ልብስ አያጣም» የሚሉ አይታጡም። ቸልተኛ ወላጅ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ለአባት ቸልተኝነት ልጁን መቅጣት ከፍትሕ ሥርዓት ጋር አይስማማም። በኬንያ ኢቫንስና ንጋቲያ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ጉዳዩን በቁጥር ያስረዳል። የደንብ ልብስ በዕጣ በነፃ ከተሰጣቸው ልጆች መካከል ቀድሞ ምንም ያልነበራቸው ከትምህርት መቅረታቸው በ55 በመቶ ቀነሰ። ይሁን እንጂ ከስምንት ዓመት በኋላ ሲታይ ልብሱን ያገኙትና ያላገኙት በደረሱበት ክፍል ልዩነት አልታየባቸውም። ከዚህ የምንረዳው ልብስ ልጁን ወደ ክፍል የሚያስገባው መሆኑን፣ በትምህርቱ እንዲዘልቅ ግን ምግብ፣ መጽሐፍና ጥሩ መምህር ደግሞ እንደሚያስፈልጉት ነው።

በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ልጆች የደንብ ልብስና ደብተር በነፃ ማደል ጀመረ። ይህ ተግባር ከጥንቱ ሐሳብ ጋር የሚስማማ ነው፤ ልብሱን ያዘዘው አካል ወጪውንም ተሸክሟልና። ይህን ለማድረግ አቅም በሌለበት ከተማ ደግሞ ቢያንስ ደንቡ ወጪ እንዳያበዛ መጠንቀቅ ይቻላል። የእንግሊዝ ፓርላማ በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ ትምህርት ቤቶች የልብስ ደንብ ሲያወጡ የወላጁን ወጪ እንዲያስቡ የሚያስገድድ መመሪያ እንዲወጣ አድርጓል።

የፍትሕ ጥያቄ በገንዘብ ብቻ አይወሰንም፤ እምነትንም ይነካል። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሂጃብ ለብሰው ወደ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ በመከልከላቸው ከክፍል ርቀው ሰነበቱ፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባም ተሰናከለባቸው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ክልከላው በጊዜያዊነት እንዲቆም ትእዛዝ ተሰጠ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ያዝዛል፤ የእምነትን ነፃነትም ያረጋግጣል፤ ልጆችን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ ደኅንነታቸው በቀደምትነት እንዲታሰብ ይደነግጋል። እነዚህን ድንጋጌዎች ማስታረቅ አይቸግርም። የራስ መሸፈኛው ከደንብ ልብሱ ቀለም ጋር እንዲስማማ ቢደረግ አንድነቱም አይጎድል፤ ልጅቱም ከፈተና አትቀር።

ስለዚህ ፍትሐዊ የሆነ ደንብ እንዴት ያለ ነው ቢባል እንዲህ ብለን ልንመልስ እንችላለን። አንደኛ፤ ጨርቁ በማንኛውም ገበያ የሚገኝ፣ ቀለሙም ቶሎ የማይለዋወጥ ይሁን። ሁለተኛ፤ ወላጅ ከፈለገው ሱቅ እንዲገዛ፣ በፈለገው ልብስ ሰፊ እንዲያሰፋ አይከልከል። ሦስተኛ፤ የጠበባቸው ልጆች ልብሳቸውን ለታናናሾቻቸው የሚያስተላልፉበት ሥርዓት በትምህርት ቤቱ ይዘጋጅ። አራተኛውና ዋነኛው፤ ልብስ ያልለበሰ ልጅ ክፍሉ ገብቶ ይማር፤ ደብዳቤው ለወላጁ ይጻፍ።

እናንተ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሆናችሁ አንባቢዎች አብዛኞቻችሁ ወላጆች ናችሁ፤ ብዙዎቻችሁም በወላጅና መምህራን ኅብረት ስብሰባ ትገኛላችሁ። ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ መመሪያ ማርቀቅ የዕለት ሥራችሁ ነው። የሚመጣው ዓመት የልብስ ቀለም ለውይይት በቀረበ ጊዜ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ባለፈው መስከረም በልብስ ምክንያት ከበር የተመለሱት ልጆች ስንት ናቸው፣ ከእነርሱስ ስንቱ ተመልሰው መጡ? መልሱ በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ። ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ስለ ቀለሙ መወሰን አይከብድም።